የገመቹ አራት ፋውሎች

ባለፈው ሳምንት አንድ የማላውቀው ፖላንዳዊ፣ "ይህን ሰው ዛሬውኑ አሰናብተው" ብሎ ጻፈልኝ። ሰው የተባለው ከአጥንትና ከሥጋ የተሠራ አይደለም። ኢንተርኔት ላይ የቅርጫት ኳስ ቡድን የሚያስተዳድሩበት ጨዋታ አለ፤ ልጄ ለበዓል መጥታ ኮምፒውተሬ ላይ ከፍታልኝ ሄደች። እዚያ ኳስ አትነካም፣ አትሮጥም፣ አያልብህም። ማን እንደሚገባ፣ ማን እንደሚቀመጥ፣ ማን ማንን እንደሚጠብቅ ወስነህ ትጽፋለህ፤ ግጥሚያውን ኮምፒውተሩ በራሱ ስሌት ያጫውተውና ውጤቱን ይነግርሃል። ሃምሳ ስድስት ዓመት ለሞላው፣ ደረጃ ለመውጣት ጉልበቱን ፈቃድ ለሚጠይቅ ሰው ከዚህ የተሻለ ስፖርት እስካሁን አልተፈለሰፈም።

የቡድኔ ምሰሶ የሆነው ረጅሙ ተጫዋቼ አንድ በሽታ አለበት፤ ፋውል ያበዛል። በእኛ ደንብ አምስት ፋውል የሞላበት ተጫዋች ከሜዳ ይወጣል፣ አይመለስም። የእኔው ሰው ደግሞ አምስቱን ሳይሞላ ግጥሚያ ጨርሶ አያውቅም። በጨዋታው መወያያ ገጽ ላይ መላ ብጠይቅ ከዓለም ዙሪያ ምክር ዘነበብኝ። ሁለት ሲሞላበት አስቀምጠው፤ መጨረሻ ላይ ብቻ አስገባው፤ ሽጠው፤ ተገላገለው። ሁሉም ሰው አንድ ነገር ሲናገር ተቃራኒውን የማሰብ የቆየ አመል አለብኝ። አመሉ ብዙ ወዳጅ አላፈራልኝም፣ ግን ጥሎኝም አልሄደም። ለፖላንዳዊው አራት አንቀጽ መልስ ጻፍኩለት።

ባለቤቴ የታጠፈ ልብስ ታቅፋ ስታልፍ በትከሻዬ ላይ አጮልቃ አየችው።

"ለሌለ ሰው ነው እንዲህ ጠበቃ የቆምከው?"

"አለ።"

"የት?"

"ቁመቱ ከዚህኛው ትንሽ ያጥራል እንጂ አለ።"

ገመቹን ስለምታውቀው ሳቀች። እናንተ ግን አታውቁትም።

ያኔ ከተማችን ናዝሬት ነበረች፣ እኔም አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፣ ደርግም ገና የሚወድቅ አይመስልም ነበር። ቀበሌያችን ከአንድ የተሰደደ ነጋዴ የተወረሰ ግቢ ነበረው። የፊተኛው ክፍል የስብሰባ አዳራሽ፣ የጎኑ የኅብረት ሱቅ፣ ጓሮው ደግሞ በደጉ ጊዜ ቦሎቄ ይሰጣበት የነበረ ሰፊ የሲሚንቶ ወለል። እዚያ ላይ ሁለት የብረት ምሰሶ ተክለን፣ ከአሮጌ ጭነት መኪና አካል በወጣ ጣውላ ሰሌዳ ሠርተን ሜዳ አልነው። ጥር ገባ ማለት ከሰዓት በኋላ ነፋስ ነው። አቧራው ከጋሪ ፈረሶቹ ሽታ ጋር ተደባልቆ አጥሩን ይዘላል፣ ኳሷ አየር ላይ ሳለች ሐሳቧን ትቀይራለች። ተመልካቹ የወንጂ ሸንኮራ እየመጠጠ ልጣጩን ከእግሩ ሥር ይከምራል። እስካሁን ሸንኮራ ሲቆረጥ ስሰማ ጆሮዬ ፊሽካ ይጠብቃል።

እኔ ተጫዋች አልነበርኩም። ቁመቴ ለጠረጴዛ ቴኒስ እንጂ ለቅርጫት ኳስ አይመችም። ሥራዬ መመዝገብ ነበር። በቀበሌዎች ውድድር እያንዳንዱ ቡድን የራሱን መዝጋቢ ያመጣል፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነጥብና ፋውል ይጽፋሉ፣ እግረ መንገዳቸውንም አንዱ ሌላውን ይሰልላል። ልጆቹ "ደብተራው" ይሉኝ ነበር። ከሚፈለገው በላይ ነበር የምጽፈው፤ ፊሽካው ሲነፋ ኳሷ የት ነበረች፣ ማን ከማን አጠገብ ነበር፣ ነፋሱ ከየት በኩል ይነፍስ ነበር። ሌሎች እኩዮቼ በዚያ ዕድሜ ለሴት ልጅ ደብዳቤ ይጽፋሉ።

አሰልጣኛችን ጋሽ ዘውዴ መካኒክ ነበሩ፤ ቅርጫት ኳስን በውትድርና ዘመናቸው ተምረዋል። ገመቹንም ያመጡልን እሳቸው ናቸው። ገመቹ ከኩየራ ወዲያ ካለ ገጠር በድንች መኪና ላይ በጫኝነት መጥቶ እዚሁ የቀረ ጎረምሳ ነው። ጋሽ ዘውዴ ገበያ ውስጥ መኪና ሲጠግኑ አዩት። "ሰውዬው ጆንያውን ወደ መኪናው አልወረወረውም እኮ!" እያሉ ለሳምንት አወሩ። "እንደ ሲኒ አስቀመጠው!" ቁመቱ ሁለት ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። አማርኛው አጭር ነበር፣ ግን አንዲት ቃል አታባክንም። ከሰሌዳው የምትመለስ ኳስ ከእሱ አታልፍም። ችግሩ አንድ ብቻ ነበር፤ ግጥሚያው ሳይጋመስ አምስት ፋውል ሞልቶበት ይወጣል።

በዚያን ጊዜ ፋውል የሠራ ተጫዋች መዝጋቢው እንዲያየው እጁን ማንሳት ነበረበት። የእኛ ዳኞች ደግሞ ከአቧራው ውስጥ ማን ማንን እንደመታ ሁልጊዜ አይለዩም፤ ፊሽካውን ይነፉና የተነሣውን እጅ ይጠብቃሉ። የተነሣው እጅ አብዛኛውን ጊዜ የገመቹ ነበር። እንኳን እኔ፣ ከአጥሩ ውጭ ያለ ባለጋሪም ያየዋል።

ይህ ሁሉ እንዲሁ የጨዋታ ጉዳይ ሆኖ ይቀር ነበር፣ ግን አንድ ቀን ከከተማው ዳር ካለ ፋብሪካ የስፖርት ኃላፊው መጣ። ያኔ ፋብሪካዎች ቡድን ነበራቸው፤ ደህና ተጫዋች ካገኙ ሥራ ሰጥተው ይወስዱታል። ሥራ ማለት መታወቂያ ነው፣ መታወቂያ ማለት ደግሞ በሰላም መንገድ ማቋረጥ ነው። ትምህርት ቤትም መሥሪያ ቤትም የሌለው ጎረምሳ ለግዳጅ ውትድርና በአፈሳ የሚወሰደው መጀመሪያ ነው። ገመቹ ሁለት ጊዜ ያመለጠው በሽንኩርት ጆንያ ሥር ተኝቶ ነበር። እሱን የሚያህል ሰው ለመሸፈን ስንት ጆንያ እንደሚፈጅ አስቡት። ሦስተኛ ጊዜ እንደማይሳካለት እሱም እኛም እናውቃለን።

የፋብሪካው ሰው ልምምዳችንን ቆሞ ካየ በኋላ ጋሽ ዘውዴን፣ "ፍጻሜውን መጥቼ አየዋለሁ" አላቸው። "ግን ሰምቻለሁ። አርባ ደቂቃ ሜዳ ላይ የሚቆም ረጅም ሰው ነው የምፈልገው። አሥራ አምስት ደቂቃ የሚቆም አለኝ።"

ለፍጻሜው ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር።

ቅዳሜ እንደተለመደው የሂስና የግለ ሂስ ስብሰባ ተደረገ። ለወጣቶች ያንን ልማድ ማስረዳት ይከብዳል፤ በየሳምንቱ ተሰብስበን አንዳችን የሌላውን ጥፋት፣ ከዚያም የራሳችንን እንናገር ነበር። የሌላው ሰፊ ጊዜ ይወስዳል፣ የራስ ቶሎ ያልቃል። የወጣቶች ማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ ተስፋዬ መድረኩን ሲከፍት ፈጣኑ ተጫዋቻችን በላይ ተነሣ። በላይ የቡድኑ ነጥብ አስቆጣሪ፣ የከተማው ልጃገረዶች ሁሉ የሚያውቁት ልጅ ነበር።

"ጓድ ገመቹ በሚያበዛው ፋውል ቡድኑን እየጎዳ ነው። በፍጻሜው ባይሰለፍ" አለ።

"ጓድ ገመቹ ሂሱን ትቀበላለህ?"

"እቀበላለሁ።"

"ግለ ሂስስ?"

ገመቹ ቆሞ ጣሪያውን ሊነካ ምንም አልቀረውም። "ሁሉም እኔ ነኝ" አለ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ዘውዴ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ፋውል የሚያበዛ ረጅም ሰው ፍሬን የሌለው ተሳቢ ነው" አሉ፤ "ቁልቁለት ላይ ያስጨርስሃል።"

እኔ ግን ደብተሬን ይዤ ስለነበር መሳቅ አልቻልኩም። ያለፉትን አራት ግጥሚያዎች እያገላበጥኩ ነበር። በገመቹ ስም ሃያ ፋውል ተጽፏል። ከሃያው ዘጠኙ የተሠሩት እሱ ባልነበረበት የሜዳ ጫፍ ነው። ሰው በክንዱ ርዝመት ምን ያህል እንደሚደርስ በስሕተት ገምቼ ይሆን ብዬ መጀመሪያ እርሳሴን ጠረጠርኩ። "ይሰለፍ" አልኩ ሳላስበው። "አምስት ሞልቶበት ከወጣ እኔም ከመዝጋቢነት እወጣለሁ።" ማንም አልደነገጠም፤ መዝጋቢ የሚያጣ ቡድን በዓለም ላይ የለም። ጓድ ተስፋዬ ብቻ ለቃለ ጉባኤው የሚሆን ነገር በማግኘቱ ደስ ብሎት አስጻፈው።

ሰኞ ልምምድ ላይ የጋሽ ዘውዴን ፊሽካ ተዋስኩ። ልጆቹ በአንደኛው ቅርጫት ሥር ይሯሯጣሉ። ገመቹ ከሜዳው ሌላኛው ጫፍ፣ ለብቻው፣ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ያስር ነበር። ማንም ማንንም ሳይነካ በኃይል ነፋሁት።

ገመቹ ክሩን በአንድ እጁ እንደያዘ ሌላኛውን እጁን ወደ ላይ አነሣ።

"አኒ!" አለ፤ በኦሮምኛ እኔ ነኝ ማለቱ ነው።

ጋሽ ዘውዴ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። "ምን አድርገህ?"

"እንጃ።"

ከልምምድ በኋላ በግቢው ግራር ጥላ ሥር ተቀመጥን። ሸንኮራውን እሱ በጥርሱ እየላጠ፣ እኔ በቢላዋ እየታገልኩ፣ ለምን እንደሚያደርገው ጠየቅኩት።

"ፊሽካው ምን ይላል?" አለኝ።

"ምንም አይልም። ፊሽካ ነው።"

"ይላል። ማን ነው? ይላል። ከዚያ ሁሉም ዝም ይላል።" የሸንኮራውን ልጣጭ ተፋ። "እኛ ጋ ዝም አይባልም።"

ልጅ ሳለ መንደራቸው ውስጥ የአንድ ሰው ጊደር እግሯ ተሰብሮ ወንዝ ዳር ትገኛለች። እኔ ነኝ ያለ ሰው ጠፋ። እኔ ነኝ የሚል ከሌለ ሽማግሌ ምን ይዞ ይቀመጣል? ማንን ከማን ያስታርቃል? ሁለት ቤተ ዘመድ እርስ በርሱ ተጠራጠረና ለአምስት ዓመት ከአንድ ምንጭ ውኃ ሳይቀዳ ቀረ። አባቱ፣ "ጥፋት ባለቤት ካጣች ታድጋለች" ይለው ነበር።

"ፋውል ትንሽ ናት" አለ ገመቹ። "ሳታድግ እኔ ብወስዳት ምናለ?"

ያን ጊዜ ከሞስኮ ተተርጉመው የሚመጡትን ወፋፍራም መጻሕፍት ሁሉ አንብቤ ስለ ኅብረተሰብ የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። እዚያ ግራር ሥር ግን አንድ ጥያቄ መጣልኝ።

"ሌላ ሰው ቀድሞ እጁን ቢያነሣስ?"

እንደ ሞኝ አየኝ። "እሷማ ባለቤት አገኘች። እኔ ምን አግብቶኝ?"

ጋሽ ዘውዴ እጁን እንዳያነሣ ሊያስጠነቅቁት ሞክረው ነበር። ትእዛዙን ለማክበር ሲል ሁለት እጁን ከጎኑ አጣብቆ እንደ ስልክ እንጨት ቆመ፤ አንዲት ኳስም አልያዘም። ስለዚህ መድኃኒቱ ገመቹ ላይ አልነበረም። ፋውል የሚያበዛውን ሰው ለማስተዳደር ሌሎቹን አራቱን ማስተዳደር ያስፈልግ ነበር። ዛሬ ይህን ስጽፈው ቀላል ነው። ያኔ ግን ከጋሽ ዘውዴ ጋር ግማሽ ቀን ተከራክሬበታለሁ።

"ታዲያ ቅርጫት ሥር ጀርባውን ሰጥቶ ቆሞ የሌላውን እጅ በምን ያየዋል?" አሉኝ።

መልሱን አውቶቡስ ተራ አገኘነው። መኪና ሲገባ ሰው በመስኮት ኮቱን ወንበር ላይ ይጥልና "ተይዟል!" ብሎ ይጮኻል፤ ከዚያ በኋላ ያንን ወንበር የሚነካ የለም። ደንባችንም ይኸው ሆነ። ፊሽካ ሲነፋ ጥፋተኛው እጁን ያነሣል፣ "ተይዟል!" ብሎ ይጮኻል። ሦስቱ ልጆች እየሳቁ ተስማሙ። በላይ ኳሷን እያነጠረ ወደ ቅርጫቱ ሄደ።

ምክንያቱን ደብተሬ ያውቀዋል። ከዘጠኙ ስድስቱ የእሱ ነበሩ። በማግስቱ የጮርናቄ መጥበሻ አጠገብ አገኘሁትና ገጹን ከፈትኩለት።

"ስድስት" አልኩት።

"ምን ስድስት?"

"ገመቹ የወሰደልህ።"

"እኔ ውሰድልኝ አልኩት? ራሱ አይደል እጁን የሚያነሣው!"

"አንተስ እጅ የለህም?"

"አንተ ደብተራ፣" አለኝ ዘይት የነካው ጣቱን ወደ ደረቴ ቀስሮ፣ "እኔ ከወጣሁ ነጥቡን ማን ያስገባል? አንተ?"

"እኔ አላስገባም። እሱ ከወጣ ደግሞ ወዴት እንደሚገባ ታውቃለህ።"

የቀረውን ጮርናቄ ቆሞ በላ፣ እጁን በወረቀት ጠረገና ሄደ።

በፍጻሜው ቀን ጓሮው ጢም ብሎ ሞላ። ተጋጣሚዎቻችን የባቡር ጣቢያ አካባቢ ልጆች ነበሩ፤ ጠንካራ፣ አፋቸውም የማያርፍ። "ቆጡን አምጡት! ቆጡ አምስት ደቂቃ አለው!" እያሉ ገመቹን በቁመቱ ይሰድባሉ። የፋብሪካው ሰው ጥቁር መነጽሩን አድርጎ ከፊት ተቀምጧል፤ በየመካከሉ ሰዓቱን ያያል። እኔ እርሳሴን ሦስት ጊዜ ቀረጽኩት።

የመጀመሪያው የፋውል ፊሽካ ተነፋ። ከዚያ ከግራ በኩል "ተይዟል!" የሚል ድምፅ መጣ። በላይ ነበር፤ እጁን አንሥቶ፣ ፊቱ ቲማቲም መስሎ። ገመቹ ዞር አለና አየው፣ ግማሽ መንገድ የሄደ እጁን መለሰ። ተመልካቹ ጩኸቱን ለማሾፍ ወሰደው፣ ቆይቶም ራሱ ተቀበለው፤ ፊሽካ በተነፋ ቁጥር ግቢው ሁሉ "ተይዟል!" ይል ጀመር። ዳኛው ግራ ተጋብቶ እኔን አየኝ፤ እኔ ቁጥር ጻፍኩ።

ገመቹ ጻድቅ ነበር አልልም። የራሱን ፋውል ራሱ ይሠራል። ዕረፍት ስንወጣ ሁለት ነበረበት፣ በላይ ሦስት። ግጥሚያው ሊያልቅ ስምንት ደቂቃ ሲቀር የገመቹ አራት ሆነ፣ የበላይም አራት። ጋሽ ዘውዴ ወደ ጠረጴዛዬ ጎንበስ አሉ።

"ላስቀምጠው?"

"አይሆንም፣ ጋሼ።"

"አንዲት ከነካ አለቀለት እኮ!"

"ከተቀመጠም አለቀለት። ሰውዬው የሚያየው የቆመ ሰው ነው።"

እሳቸው ግንባራቸውን ጠረጉ፣ ተመለሱ። ገመቹ ከሰሌዳ የምትመለሰውን ኳስ ሁሉ ይለቅማል። የባቡር ጣቢያ ልጆች መሳደብ አቁመው መጠንቀቅ ጀምረዋል።

ሦስት ደቂቃ ሲቀር፣ በአንድ ነጥብ እየመራን፣ ከቅርጫታችን ሥር ኳስ ተመለሰች። አምስት ስድስት ሰው አብሮ ዘለለ። አንደኛው የእነሱ ልጅ ወደቀ፣ ፊሽካው ተነፋ፣ ነፋሱም ልክ ያን ጊዜ አቧራውን አነሣው። ዳኛው እያየ ቆመ። የማስታውሰው ያችን ዝምታ ነው። ተመልካቹ እንኳን አልጮኸም።

እኔ አይቻለሁ። የመታው የገመቹ ክርን ነበር። በላይ ከዚያ አንድ ሙሉ እርምጃ ርቆ ነበር የቆመው።

የገመቹ ትከሻ ተንቀሳቀሰ። እጁ ወገቡን አለፈ፣ ደረቱ ደረሰ።

"ተይዟል!"

የበላይ እጅ ከሁሉም በላይ ቆሞ ነበር። ዳኛው ቁጥሩን በጣቱ አሳየኝ። እርሳሴ ወረቀቱ ላይ አረፈ፣ ትንሽም ቆየ። ከጎኔ የተቀመጠው የባቡር ጣቢያ መዝጋቢ ሲጽፍ አየሁት፤ ለእነሱ አደገኛ የሆነውን ሰው የሚያስወጣ ፋውል ነውና በደስታ ነበር የሚጽፈው። እኔም ጻፍኩ፤ "በላይ፣ 5"። በዚያ ሁሉ ደብተር ውስጥ አውቄ የጻፍኩት ሐሰት እሱ ብቻ ነው።

በላይ ወደ እኛ መጥቶ ተቀመጠ። ፎጣውን ራሱ ላይ ጣለ። "ደብተራ" አለኝ ከፎጣው ሥር፣ "ስድስቱ አሁን ስንት ቀሩ?"

"አምስት" አልኩት።

ተሸነፍን። በአንድ ነጥብ። ነጥብ የሚያስገባልን ሰው ከጎኔ ፎጣ ተከናንቦ ተቀምጦ ስለነበር አያስደንቅም። ጓድ ተስፋዬ በሚቀጥለው ቅዳሜ የሽንፈቱን መንስኤ በአምስት ነጥብ ዘርዝሯል፤ አንዱም ትክክል አልነበረም። የፋብሪካው ሰው ግን ግጥሚያው ካበቃ በኋላ መነጽሩን አውልቆ ገመቹን ከእግር እስከ ራሱ አየው፣ "ሰኞ ጠዋት ሁለት ፎቶግራፍ ይዘህ ና" አለው።

ገመቹ መጀመሪያ የመጣው ወደ እኔ ነው።

"አኒ ነበርኩ" አለ። "የመጨረሻዋን። አስተካክል።"

"ደብተሩ ተዘግቷል። ዳኛው ፈርሟል።"

"ጥፋት ባለቤት ካጣች..."

"ባለቤት አግኝታለች" አልኩት። "ያውልህ፣ እዚያ ተቀምጦልሃል።"

ወደ በላይ ሄደ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። ፎጣው ግን ከበላይ ራስ ላይ ወርዶ ገመቹ ትከሻ ላይ ሲሆን አይቻለሁ። በላይ ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ስብሰባ ላይ በሌላ ሰው ላይ ሂስ ሲያቀርብ አላየሁም።

እኔ በሕይወቴ ብዙ ጽፌአለሁ። አንዳንዱ ታትሟል፣ ጥቂቱን ሰው አንብቦታል፣ በጥቂቱም ሰዎች ተጣልተውኛል። ትሕትና ለእኔ የማይሆን ልብስ ስለሆነ በግልጽ ልናገር፤ ከጻፍኩት ሁሉ የምኮራው በዚያች አንዲት ስምና በዚያች አንዲት ቁጥር ነው። ደብተሩ ዛሬም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ሸንኮራ የነካው ገጽ ላይ ዝንብ ተጣብቃ ደርቃለች።

ለፖላንዳዊው በአራት አንቀጽ የጻፍኩለት ይህንኑ ነው። ረጅሙን ሰውዬዬን አላሰናበትኩም። ይልቅ የመሐል ተጫዋቾቼን ተመለከትኩ፤ ሁለቱ ሰነፎች አጥቂውን ሁሉ እያሳለፉ ወደ እሱ ይልኩበት ነበር፣ ፋውሉ ግን በእሱ ይጻፋል። እነሱን ለወጥኩ። ባለፈው ግጥሚያ ረጅሙ አርባውን ደቂቃ ጨረሰ፤ አራት ፋውል።

ገመቹ ጡረታ ወጥቷል፤ እስኪወጣ ድረስ ከዚያው ፋብሪካ አልተንቀሳቀሰም። በገበያ ቀን ወደ አዳማ መሐል ሲወጣ አንዳንዴ ዋናው መንገድ ላይ እንገናኛለን። እሱ ከወዲያ ማዶ ይቆማል፣ በባጃጆቹ ላይ አሻግሮ ያየኛል። ጉልበቱ እንደኔው አልቋል፣ ቁመቱ ግን ብዙ አልቀነሰም። ያንን ረጅም እጁን ወደ ላይ ያነሣና መንገደኛው ሁሉ እስኪዞር፣ "ያቺን ፋውል አስተካከልካት?" ብሎ ይጮኻል።

"አውርድ እጅህን!" እለዋለሁ ከወዲህ። "ተይዟል!"